ኤቶሬ ያልመለሰው ሰላምታ

አስከሬኑን ያገኘችው ኒልዳ ናት።

ኒልዳ ከፓራጓይ መጥታ በኢቢዛ ደሴት ጭፈራ ቤቶችን ስታጸዳ ዓመታት ያስቆጠረች ሴት ነች። የበጋው ወቅት መዝጊያ ድግስ ባለቀበት ጠዋት ምን እንደሚጠብቃት ታውቃለች፦ የተሰባበረ ብርጭቆ፣ ባለቤቱ የጠፋ ጫማ፣ ሶፋ ሥር የተኛ ሰካራም። ስለዚህ ወደ ዲጄው ሰገነት በሚያወጣው የብረት ደረጃ ሥር የተዘረጋ ሰው ስታይ አልደነገጠችም። በመጥረጊያዋ እንጨት እግሩን ነካ አደረገችውና፣

“ተነስ ጌታዬ፣ ቤትህ ግባ” አለችው።

ሰውየው ባዶ እግሩን ነበር። ኒልዳ ፊቱን ያየችው ሁለተኛ ስትነካው ነው።

ኢንስፔክተር ማርጋሊዳ ኤስካንዴል ስትደርስ የጭፈራ ቤቱ የ“ኤስ ፋር” በሮች ወለል ብለው ተከፍተው ፀሐይ ገብቶባቸዋል። ጭፈራ ቤት ቀን ሲያዩት ሠርግ እንዳለቀበት ዳስ ነው። ወለሉ ይጣበቃል፣ ግድግዳው ከታሰበው በላይ አሮጌ ነው፣ ሰው የለም። ማርጋሊዳ እዚሁ ደሴት ተወልዳ አምሳዎቹን የጀመረች፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። በጥቅምት ደሴቲቱ እንዴት ባንድ ጊዜ ባዶ እንደምትሆን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ግን አልለመደችውም።

“እዚህ አገር ሰው የሚሞተው ሁልጊዜ ቁርሴን ሳልበላ ነው” አለ ሳጅን ፌርሚን። ከዋናው ምድር፣ ከቡርጎስ የመጣ፣ ስድስት ዓመት አብሯት የሠራ፣ በየወሩ ዝውውር የሚጠይቅ ሰው ነው።

“ማን ነው?”

“ኤቶሬ ቤሉዚ። ጣሊያናዊው ዲጄ። ወጣት ሳለሽ ሳትጨፍሪለት አትቀሪም አለቃ።”

“አልጨፍርም ነበር” አለች ማርጋሊዳ።

ሐኪሙ ከአስከሬኑ አጠገብ ተንበርክኮ ነበር። “ማጅራቱ ከደረጃው ጠርዝ ጋር ተጋጭቷል። ፀሐይ ስትወጣ ገደማ ነው የሞተው፤ ብዙም አልተሠቃየም።”

“ወድቆ ነው?”

“ቢሆን ደስ ባለኝ። ሸሚዙን እዪው።” የሸሚዙ ደረት ተቀዷል፣ ቁልፎቹ ረግፈዋል። ከሥሩ ቆዳው በልዟል። “አንድ ሰው ደረቱን ጨምድዶ ይዞት ነበር።”

ማርጋሊዳ ግን የምታየው ሌላ ነገር ነው። ከሟቹ ራስ ሥር ነጭ ፎጣ በጥንቃቄ ታጥፎ ተቀምጧል። ዓይኖቹም ተከድነዋል።

“ኒልዳ ናት እንዴ ያደረገችው?”

“ጠየቅኳት። ከእግሩ በቀር አልነካሁትም ትላለች” አለ ፌርሚን። “ገድሎ ትራስ የሚያቀርብ ነፍሰ ገዳይ ግን አይቼ አላውቅም።”

“ይወደው የነበረ ሰው ነዋ።”

ወደ ሰገነቱ ወጡ። ከማጫወቻው ጠረጴዛ ሥር አንድ ጥንድ ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ ካልሲዎቹ ታጥፈው ውስጡ ገብተዋል። ወለሉ ጣውላ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ገመድ ግማሹ ተጠቅልሎ ግማሹ ተዘርግቶ ቀርቷል።

“ሰው ሥራ ላይ ለምን ጫማውን ያወልቃል?” አለች።

“ሴት ናታ” አለ ፌርሚን። “ወይ እንቅልፍ።”

“ገመድ እየጠቀለለ?”

ፌርሚን ገመዱን ፎቶ አነሳው።

*

የባሩ ኃላፊ ሺኩ ካርዶና የቁልፉ ያዥ ነበር፤ ከሠራተኞቹ መጨረሻ የወጣሁት እኔ ነኝ ያለውም እሱ ነው። ባንኮኒው ኋላ ቆሞ የደረቀ ብርጭቆ ደጋግሞ ይወለውላል። ከማርጋሊዳ ጋር የአንድ መንደር ልጆች ናቸው። ታናሽ ወንድሙን ፔሬን ባለፈው የካቲት ባሕር ወስዶበታል።

“ከፔሬ ቀብር ወዲህ አልተያየንም። እንዴት ነህ?” አለችው።

“አለሁ።”

“ኤቶሬን መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?”

“ሙዚቃው ቆመ፣ ሰው ወጣ፣ ልጆቹን አሰናበትኩ። መብራት አጥፍቼ ልወጣ ስል እሱ ሰገነቱ ላይ ነበር። ከደረጃው ሥር ሆኜ ተጣራሁ፤ ‘ኤቶሬ፣ ልሄድ ነው፣ ስትወጣ በሩን ዝጋ’ አልኩት። ‘ሂድ፣ እዘጋዋለሁ፣ ክረምቱን በሰላም’ አለኝ።”

“አየኸው?”

“በዚያ ጨለማ ምን ይታያል? ድምፁን ነው የሰማሁት።”

“ከዚያስ?”

“ወደብ ወርጄ ቡና ጠጣሁ። አስተናጋጇ ገና ወንበር ስታወርድ ነው የደረስኩት፤ ጠይቂያት።”

ፌርሚን ጠየቃት። እውነት ነበር፤ ሺኩ ወንበር ሲወርድ መጥቶ ብዙ ሰዓት ተቀምጧል። ሲወጣ ኤቶሬ በሕይወት ከነበረ ሺኩ ነጻ ነው። በሩ ደግሞ ጠዋት ኒልዳ ስትመጣ አልተቆለፈም፤ ከሺኩ ኋላ ማንም ሊገባ ይችል ነበር።

“ጓደኛህ ነበር አይደል?” አለች ማርጋሊዳ።

“ድሮ። እሱ ከጣሊያን፣ ከሪሚኒ በአንድ ሻንጣ ሲመጣ እኛ ቤት ነው ያደረው። ፔሬ ዓሣ ማጥመድ አስተማረው። እናቴ ሦስተኛው ልጄ ትለው ነበር።”

“ኋላስ ምን መጣ?”

ሺኩ ብርጭቆውን አስቀመጠ። “ምንም አልመጣም። ሰው ከፍ ሲል ዝቅ ብሎ አያይም። ትጠሪዋለሽ፣ አይዞርም። ታወሪዋለሽ፣ መሃል ላይ ጥሎሽ ይሄዳል። እኔን ብቻ እንዳይመስልሽ። ማንንም ብትጠይቂ ይነግርሻል፣ ኮርቷል።”

“ጠላት ነበረው?”

“ዴንማርካዊውን ልጅ ጠይቂ። ትናንት በር ላይ ሲሰድበው ሁሉም ሰምቷል።”

*

ራስሙስ የሚሉት ወጣት ዲጄ ባረፈበት ሆቴል መዋኛ ዳር ተቀምጦ አገኙት። ሠራተኞቹ ወንበሮቹን እየደራረቡ በሸራ ይሸፍናሉ፤ የቀረው እሱ የተቀመጠበት ብቻ ነው።

“እንደሞተ ሰምቻለሁ” አለ ገና ሳይጠይቁት። “ምን እንዳልኩትም ነግረዋችኋል።”

“ካንተ አፍ እንስማው” አለች ማርጋሊዳ።

“‘አንተ የቆምክ ሬሳ’ አልኩት።” ልጁ ዓይኑን ከውኃው ላይ አላነሳም። “የሚመጣው በጋ የእሱ የዓርብ ምሽት ተራ ለእኔ እንደተሰጠ የጭፈራ ቤቱ ባለቤት ነገረኝ። ከሌላ ሰው ከሚሰማ እኔው ልንገረው፣ ይቅርታም ልጠይቀው ብዬ ተከተልኩት። ከኋላው እየሄድኩ ሁሉንም ነገርኩት። ከእርስዎ ሙዚቃ ነው የተማርኩት አልኩት። አንድ ቃል አልመለሰልኝም። ዞሮ እንኳ አላየኝም። ያኔ ነው የጮህኩት።”

“ስትጮህበትስ?”

“እንደ ዝንብ ነው የቆጠረኝ። ሲጋራውን ለኩሶ ገባ።”

“ሙዚቃው ሲያልቅ የት ነበርክ?”

ስልኩን አውጥቶ ሰጣት። ጎህ ሲቀድ ጀልባ ላይ ሲጨፍሩ የተቀረጸ ቪዲዮ ነው፤ ራስሙስ መሃላቸው አለ፣ ከኋላው ፎርሜንቴራ ደሴት ይታያል። እየዘለለ በሚጨፍር ሕዝብ መሃል ፊቱ ምንም አይልም።

“እነዚህ ጓደኞችህ ናቸው?” አለች ስልኩን ስትመልስ።

“ጀልባው ላይ ነው የተዋወቅኳቸው። ስማቸውንም አላውቀውም” አለ። “ለቀብሩ መምጣት ይፈቀድልኛል?”

መኪናው ውስጥ ሲገቡ ፌርሚን፣ “ይሄስ አይደለም” አለ። ማርጋሊዳ በመስማማት ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

*

የኤቶሬ ቤት በለውዝ ዛፎች መሃል፣ ቀይ አፈር ያለበት ኮረብታ ላይ ነው። እህቱ ከሪሚኒ በማግስቱ ትደርሳለች፤ ሚስትና ልጅ የለውም። ቁልፉን ይዘው ቢመጡም ፌርሚን እንደ ወጉ መጀመሪያ ደወሉን ተጫነ። ድምፅ አልሰጠም።

“ተበላሽቷል” አለ።

ማርጋሊዳ ግን በመስተዋቱ በኩል አንድ መብራት ብልጭ ሲል አየች። እሷም ተጫነች። የኮሪደሩ፣ የወጥ ቤቱ፣ የመኝታ ቤቱ አምፖሎች ባንድ ላይ ብልጭ ድርግም አሉ።

“የጭፈራ ሰው ቤት እኮ ነው” አለ ፌርሚን። “ደወሉም ይጨፍራል።”

ውስጡ ንጹሕ ነው። አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ፣ መስኮት ፊት ለፊት አንድ ወንበር። ግድግዳው ላይ ሁለት ወጣቶችና አንድ ጎረምሳ ጀልባ ላይ ዓሣ ይዘው የሚስቁበት ፎቶ ተሰቅሏል፤ ማርጋሊዳ ኤቶሬን፣ ሺኩንና ፔሬን ለየቻቸው። ሙዚቃ ማጫወቻ ፈልጋ አጣች። ቤቱን ሁሉ ዞረች። የሙዚቃ ሸክላዎቹ በካርቶን ታሽገው ምድር ቤት አቧራ ለብሰዋል።

“ኑሮው በሙዚቃ የሆነ ሰው ቤቱ ሬዲዮ እንኳ የለውም?” አለች።

“እኔስ ቤቴ ገብቼ ወንጀለኛ ማየት እፈልጋለሁ እንዴ? ሥራ ሰልችቶት ነው።” ፌርሚን የሟቹን ስልክ ይጎረጉራል። “የባሰው ይሄ ነው። በስልክ ከማንም ጋር አያወራም። የደወለለት ሁሉ ያልተነሳ ነው። እንደ ጎረምሳ በጽሑፍ ብቻ ነው የሚላላከው። የድምፅ መልእክትም ተከምሮበታል፤ አንዱንም አልከፈተውም።”

“ክፈታቸውና ስማቸው።”

“ሁሉንም? ቢያንስ ቁርስ ልብላ።”

“ቁርስ እየበላህ ስማቸው።”

ጎረቤቲቱ አሮጊት ፔፓ ይባላሉ። ዶሮ እየመገቡ በአጥሩ ላይ አንጋጠው አናገሯት።

“ደህና አደርክ ብዬ ብዬ አንደበቴ ደከመ ልጄ። ጀርባውን ሰጥቶ ዛፉን ይገርዛል፤ አይመልስም። በኋላ እኔም ተውኩት። ኩሩን ሰው ኩራቱ ይቅበረው አልኩ። አፌ ይቆረጥ፣ እንዲህ ይሆናል ብዬ ነው?”

“ሌላ ሰው ይመጣበት ነበር እማማ?”

“አንዲት ሴት በመኪና ትመጣለች። ያችው ብቻ።” አሮጊቷ የቀረውን እህል ለዶሮዎቹ በተኑና፣ “ግን አንድ የማይገባኝ ነገር ነበር” አሉ። “ሎሚው ሲደርስ በከረጢት አድርጎ አጥሬ ላይ ያንጠለጥልልኛል። በየዓመቱ። ሰላምታ የሚነፍግ ሰው ሎሚ ይሰጣል እንዴ?”

*

በመኪና የምትመጣው ሴት ኔሬያ ትባላለች፤ የኤስ ፋር የድምፅ ባለሙያ ናት። ሙዚቃው ሳያልቅ ወደ ቤቴ ሄጃለሁ ብላ ለፖሊስ በስልክ ተናግራ ነበር። ውሸት ነው። በረኛው እስከ መጨረሻው ሰገነቱ ላይ እንደነበረች አይቷል፤ ማጫወቻው ሁሉ የእሷ የጣት አሻራ አለበት፤ የኤቶሬ ግን የለም ማለት ይቻላል። የጭፈራ ቤቱ ባለቤትም፣ “ከእሱ ጎን የማትለይ ውሽማው ናት፤ ሁሉም ያውቃል” ብሏል።

ፌርሚን ያገኛት ወደብ ላይ፣ ዕቃዋን ጭና ወደ ዋናው ምድር፣ ወደ ዴኒያ ለሚሻገረው መርከብ ወረፋ ስትጠብቅ ነው።

ምርመራ ክፍሉ ውስጥ ኔሬያ እጆቿን ጭኖቿ መሃል አድርጋ ተቀመጠች። በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች፣ ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች ሴት ናት።

“ለምን ዋሸሽ?” አለች ማርጋሊዳ።

ኔሬያ ጠረጴዛውን አየች።

“ውሽማሽ ነበር?”

“አይደለም።”

“ታዲያ ምን ነበር?”

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

“ኔሬያ፣ ሁሉም ሰው አንቺን ይጠቁማል። ልትሸሺ ስትዪ ነው የተያዝሽው። ዝም ካልሽ እኔ ልረዳሽ አልችልም።”

“አልሸሸሁም። ወቅቱ አለቀ። ሁሉም እየሄደ ነው።”

ማርጋሊዳ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች። “እሺ፣ ስለ ሌላ ነገር ልጠይቅሽ። ስናገኘው ባዶ እግሩን ነበር። ጫማውን ለምን አወለቀ?”

የኔሬያ ፊት ባንድ ጊዜ ፈረሰ። እንባዋ ወረደ። ማርጋሊዳ ውኃ ቀድታ ሰጠቻትና ጠበቀቻት።

“በወለሉ እንዲሰማ ነው” አለች ኔሬያ በመጨረሻ።

“ምኑን?”

“ምቱን። በእግሩ ነበር የሚሰማው። ሌላ የሚሰማበት አልነበረውም።”

ግድግዳውን ተደግፎ የቆመው ፌርሚን ቀና አለ።

“አራት በጋ ሆነው” አለች ኔሬያ። “መጀመሪያ አንዱ ጆሮ፣ ከዚያ ሁለተኛው። ዕድሜውን ሙሉ ከዚያ ጩኸት ፊት ቆሞ ነው ጆሮዎቹ ያለቁት። የማጫውተው እኔ ነበርኩ። እሱ እጁን ያነሳል፣ ሕዝቡን ያስጨፍራል፤ እኔ ምቱን በጣቴ ጀርባው ላይ እመታለት ነበር። ሰው ሲያናግረው ክንዱን እነካዋለሁ፣ ይዞርና ከንፈር ያነባል። ጎበዝ ነበር። ፊትዎን ካየ የሚያመልጠው ቃል አልነበረም።”

“ካላየስ? ጨለማ ቢሆን፣ ወይም ከኋላው ቢጠሩት?”

“ከኋላው ቤት ቢፈርስ አይሰማም። ጨለማ ውስጥማ ኤቶሬ የለም።”

“ማን ያውቅ ነበር?”

“እኔና እህቱ። አስምሎኛል።” ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። “ንገራቸው፣ ኩሩ ነው እያሉ እየጠሉህ ነው አልኩት፤ ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ። ‘ከሚያዝኑልኝ ቢጠሉኝ ይሻለኛል’ ነው መልሱ። ትናንት የመጨረሻው ነበር። ከእንግዲህ አልመለስም፣ ሪሚኒ እህቴ ጋ እሄዳለሁ ብሎኝ ነበር። ሙዚቃው ሲቆም አቀፈኝ። መሰናበቱን አልቻልኩትም፣ ገመዱን ጥዬለት ሮጥኩ። ሌላ የማውቀው የለም።”

የተናገረችው እውነት ነበር፤ ከተማው መውጫ ላይ ያለው የነዳጅ ማደያ ካሜራ አይቷታል፤ ሰዉ ገና ከጭፈራ ቤቱ ሳይወጣ እሷ ከተማውን ለቃ ነበር።

ኔሬያ ከወጣች በኋላ ማርጋሊዳ ከወንበሯ አልተነሳችም።

“ፌርሚን፣ ሺኩ ምን ነበር ያለን?”

ፌርሚን ማስታወሻ ማየት አላስፈለገውም። “መብራት አጥፍቼ ከደረጃው ሥር ተጣራሁ፤ ‘ሂድ፣ እዘጋዋለሁ’ አለኝ።” ከዚያ የተናገረው ነገር ትርጉም ገባው። “አልሰማውም። ሊሰማው አይችልም።”

“ሺኩ ይህን አያውቅም። የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ውሸት አይዋሽም።”

ፌርሚን ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ፊቱ ላይ የተለመደው ቀልድ የለም። “አለቃ፣ ከድምፅ መልእክቶቹ አንዱን ስሚው። የየካቲት ነው። ማን እንደሆነ ድምፁን አልለየሁትም ነበር፤ አሁን ለየሁት።”

ድምፁ ከነፋስ ጋር ይታገላል። “ኤቶሬ፣ እኔ ነኝ። ፔሬን ባሕር ወሰደው። ዛሬ አገኘነው። ቀብሩ ነገ ነው። እማዬ ያንተን ስም እየጠራች ነው። ና ወንድሜ። እባክህ ና።”

*

ሺኩ በዚያው ከሰዓት በኋላ የካርዶና ቤተሰብ ጀልባ በሚያስገባባት የባሕር ወሽመጥ ነበር። ድንጋዩ ላይ የተሠሩት ትንንሽ የጀልባ ቤቶች ሁሉ ለክረምቱ ተዘግተዋል፤ ክፍት የሆነው የእሱ ብቻ ነው። ከወንድሙ ጀልባ ሆድ ላይ የደረቀ ቀለም ይፍቃል። ፌርሚን እላይ፣ መኪናው ጋ ቀረ። ማርጋሊዳ ብቻዋን ወረደች።

“የቡናዋን ልጅ ጠየቅሻት?” አለ ሺኩ መፋቁን ሳያቆም።

“ጠይቀናታል። ሺኩ፣ አንድ ጊዜ ደግመህ ንገረኝ። ከደረጃው ሥር ሆነህ ተጣራህ።”

“ተጣራሁ።”

“ጨለማ ነበር።”

“ጨለማ ነበር።”

“እሱም መለሰልህ።”

“መለሰልኝ። ስንቴ ልበል?”

“ሊመልስልህ አይችልም። ኤቶሬ አይሰማም ነበር። አራት ዓመት ሆኖታል። ሁለቱም ጆሮዎቹ።”

ሺኩ ሳቀ፤ አጭር፣ ደረቅ ሳቅ። “ዲጄ እኮ ነው።”

“የምታጫውተው ኔሬያ ነበረች። ባዶ እግሩን የሚቆመው ወለሉ ሲንቀጠቀጥ እንዲሰማው ነው።”

መፋቂያው ጥቂት ጊዜ እንጨቱ ላይ ተመላለሰ። ከዚያ ቆመ። ሺኩ የተፋቀውን ቦታ አየ።

“ድምፄን ልኬለት ነበር” አለ። “በየካቲት።”

“አልተከፈተም ነበር። የከፈትነው እኛ ነን፣ ዛሬ።”

ጀልባዋ በምትንሸራተትበት እንጨት ላይ ተቀመጠ። ባሕሩ ጸጥ ብሏል፤ ሩቅ አንድ መርከብ ሠራተኞቹን ጭኖ ወደ ዋናው ምድር ይሄዳል።

“ለቀብሩ ሳይመጣ ሲቀር፣ ሩቅ ነው፣ አልተመቸውም ብዬ ነገር አሳመርኩለት” አለ። “በሚያዝያ፣ በመክፈቻው ድግስ አገኘሁት። ጩኸት ነው፤ ሰው እዚያ እንዴት እንደሚያወራ ታውቂያለሽ፣ ጆሮ ላይ ተለጥፈሽ ነው። ጆሮው ላይ ተጠግቼ፣ ‘ፔሬ ሞተ’ አልኩት። ሳቀ ማርጋሊዳ። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ ‘እሰይ! ጎሽ!’ አለኝ። በጋውን ሙሉ ያ ሳቅ ከፊቴ አልጠፋም። ብርጭቆ ሳጥብ ይስቃል። ልተኛ ስል ይስቃል።”

ማርጋሊዳ አጠገቡ ተቀመጠች።

“ዛሬ ጠዋት ሁሉም ወጣ። እሱ ሰገነቱ ላይ ነበር። እንደገና ላላገኘው እችላለሁ፣ አንድ ነገር ጠይቄው ልሂድ ብዬ ወጣሁ። መብራቱን አጥፍቼው ስለነበር ያለችው የመውጫው ቀይ መብራት ናት። ጀርባውን ሰጥቶ ገመድ ይጠቀልላል። ‘ምን አደረግኩህ?’ አልኩት። ዝም። ‘እኔን ተወኝ፣ ፔሬ ምን አደረገህ?’ አልኩት። ዝም። ለመንኩት። እንደ ልጅ አልቅሼ ለመንኩት፤ እሱ ገመዱን ይጠቀልላል። ያዝኩና አዞርኩት። መጀመሪያ ደነገጠ። ከዚያ እኔ መሆኔን ሲያይ ፈገግ አለ።” ፊቱን በክንዱ ጠረገ። “ፈገግ አለ። ደረቱን ያዝኩት፤ ገፋሁት።”

“ደረጃው ከኋላው ነበር።”

“አውቃለሁ። ስንት ዓመት የወጣሁት ደረጃ ነው፤ አላውቅም ነበር አልልሽም።”

“ፎጣውስ?”

“ብረቱ ቀዝቃዛ ነው” አለ ሺኩ።

ከኮረብታው ነፋስ ተነስቶ የተፋቀውን ቀለም በድንጋዩ ላይ በተነው። ሺኩ መዳፎቹን ገልብጦ አያቸው፤ ሰማያዊ ቀለም ይዘዋል።

“በብርሃን ቢሆን ኖሮ” አለ። “ፊት ለፊቱ ቆሜ፣ ፊቴን እያየ፣ ፔሬ ሞተ ብለው ኖሮ?”

“ይገባው ነበር።”

“እሱስ? አንድ ቀን እንኳ ‘ሺኩ፣ አልሰማህም’ ቢለኝ ምን ነበረበት?”

“እንዳታዝንለት ፈርቶ ነው።”

ሺኩ ራሱን ነቀነቀ፤ ደጋግሞ ነቀነቀ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። “ለምን ነገርሽኝ? ዝም ብለሽ ብታስሪኝ ምን አለበት? ስጠላው ነበር እኮ። ጥላቻዬን ይዤ እገባና እታሰር ነበር። አሁን ምን ይዤ ልግባ?”

ማርጋሊዳ መንገዱን ሁሉ ይህን ስታስብ ነው የመጣችው። ሳትነግረው ልትይዘው ትችል ነበር፤ ውሸቱ ብቻ ይበቃት ነበር።

“ኩሩ ነበር እየተባለ እንዳይቀበር ነው” አለች። “አንተ ደግሞ ከሌላ ሰው እንዳትሰማው።”

ፌርሚን ከላይ ሆኖ አንዴ አየት አደረጋቸውና ተመልሶ ጀርባውን ሰጠ። በመጨረሻ ሺኩ ተነሳ።

“ጀልባዋን ልሸፍናት” አለ። “ዝናቡ መምጣቱ ነው። ከፔሬ ወዲህ ብቻዬን ነው የምሸፍናት፤ ሸራው ደግሞ ለአንድ ሰው አይመችም። አንዱን ጫፍ ስይዝ ሌላውን ነፋስ ይወስደዋል።”

ማርጋሊዳ ጃኬቷን አውልቃ እንጨቱ ላይ አስቀመጠች። አንዱን ጫፍ እሷ ያዘች፣ ሌላውን እሱ። በጀልባዋ ላይ ጎትተው ዘረጉት፤ ሺኩ ከወዲያ፣ እሷ ከወዲህ ገመዱን በየቀለበቱ እያሾለኩ ወደ ኋላ ሄዱ። የመጨረሻውን ቋጠሮ እሱ አሰረው፤ ጠንክሮ እንደሆነ ሁለቴ ሳበው። በሩን ዘግቶ ቁልፉን ሰጣት።

ከዚያ ሁለቱም መንገዱን ይዘው ወደ መኪናው ወጡ።